መተማ ላይ ሻንጣ መግዛት

ሰው ሀገሩ ሲገባ ደስ ይለዋል ይላሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ካርቱም ተወልጄ፣ ካርቱም ተድሬ፣ ባሌንም እዚያው ቀብሬ፣ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው የኢትዮጵያን መሬት መጀመሪያ የረገጥሁት። አባቴ የሳንጃ ሰው ነበር፤ አማርኛውን ከነቁጣው ያስተማረኝ እሱ ነው። ገበያ አወጣጥ ግን አላስተማረኝም፤ እሱስ መቼ አስቦት! ጦርነቱ ካርቱምን ሲያምሳት አንድ ልጄን ይዤ በጭነት መኪና ጋላባት ደረስሁ፤ ከዚያ ድንበሩን በእግር ተሻግረን መተማ ዮሐንስ ገባን። "እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ" አለኝ እዚያ የቆመው ፖሊስ። አሜን አልሁት። በልቤ ግን ዳቦ የት እንደሚሸጥ እንኳ የማላውቅበት ቦታ እንዴት ሆኖ ነው ሀገሬ የሚሆነው እያልሁ ነበር።

ካርቱም ዱካን መሄድ፣ ሱቅ መሄድ ማለቴ ነው፣ ዘመድ እንደ መጠየቅ ነበር። ለትንሽ ስኳር ብዬ ወጥቼ የጣድሁት ውሃ ተንተክትኮ እስኪያልቅ አልመለስም። ባለሱቁ መጀመሪያ ስለ እኔ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ልጄ ትምህርት፣ ከዚያ ስለ ጎረቤቴ ጉልበት ሳይጠይቅ እጁን ወደ ስኳሩ አይሰድም። እኔም ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ምን በወጣኝ እደብቀዋለሁ? አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ቢሰጠኝ፣ ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ እያልሁ ስብሰለሰል ነው የምውለው። መንገድ ልሄድ ከሆነማ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። የት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምሄድ፣ መቼ እንደምመለስ ይጠይቅና ለመንገድ ብሎ ብስኩት ይጨምርልኛል፤ ባልሁት ቀን ካልመጣሁ ቤቴ ድረስ ሰው ይልካል። ይህን ልማድ ነው ከነአፌ ተሸክሜ መተማ የመጣሁት።

መተማ የተከራየሁት አንዲት የጎንደር አሮጊት ግቢ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሰሊጥ እርሻ ላይ ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከግቢው አልፎ ጉምሩክ ይሰማል። ሲወዱም ሲቆጡም ጩኸታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን የጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን በሳምንቱ ወደደቻቸው፤ እሷ ማንን ትጠላለች! ሃያ ዓመቷ ነው። ካርቱም ነርስነት እየተማረች ጦርነቱ አቋረጣት። አማርኛዋ ዓረብኛ ዓረብኛ ይላል፤ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ስትል፣ ያላገኘችውንም ደጁ ድረስ ሄዳ ሰላም ስትል ነው የምትውለው። እኔን ዩማ ትለኛለች፤ የካርቱም ልጅ እናቱን የሚጠራው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሚያስቅ ነበር። ቲማቲሙ መሬት ላይ በትንንሽ መደብ ተቆልሎ አየሁና ከአንዱም ከሌላውም ደህና ደህናውን መልቀም ጀመርሁ። ሻጯ እጄን በፌስታል ቸብ አደረገችኝ። "መደቡን እንዳለ ነው ሴትዮ! ሙሽራ ልትመርጭ ነው?" አለችኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሁለተኛው ግን ማንንም አላሳቀም። ዱቄት ባለቀበት ከተማ በር ዘግቼ ከርሜ ነው የመጣሁት፤ ጎተራ ባዶ ሲሆን ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ እንደተደላደልሁ የወር አስቤዛ ባንድ ቀን ልግዛ አልሁ። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ፓስታውን፣ ሽንኩርቱን በጆንያ፣ ዘይቱን በትልቁ ጀሪካን አድርጌ ባጃጅ ላይ ጫንሁና እስከ ግቢው በር መጣሁ። ባለባጃጁ ደግሞ ባለውለታዬ ይመስል ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋልኝ። እትዬ ወጡ፤ አዩ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጀሪካኑ ላይ ጣል አደረጉበት።

"አንች ልጅ፣ ሰርግ አለሽ?"

"ኧረ የለኝም።"

"ተዝካር አለሽ?"

"እትዬ ደግሞ! የማንን ተዝካር?"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የመተማን ሰው ሁሉ ጓዳሽን ያስጎበኘሽው?"

ሁሉን አስገብተን በር ከዘጋን በኋላ ነው ያስረዱኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። የእህታቸው ልጅ ለሰርጉ ብሎ ከዚሁ ገበያ አንድ ኩንታል ስኳር ገዛ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው አሸክሞ ወጣ። ሰርግ አለ ማለት ገንዘብ አለ ማለት ነው። ያየው አየ፤ ለሚነግረው ነገረ። ወደሚኖርባት አብርሃ ጅራ ከተማ ሲመለስ መኪናውን መንገድ ላይ አስቁመው እሱን ብቻ በስሙ ጠርተው አወረዱት። አጋቾቹ ስንት እንደጠየቁ አልነገሩኝም፤ ቤተሰቡ ያለ የሌለውን ሸጦ አስለቀቀው ብቻ አሉኝ።

"መጣ" አሉ እትዬ። "መምጣቱንስ መጣ። ግን አሁንም ሰው በስሙ ሲጠራው ይበረግጋል። ሻይም ያለ ስኳር ነው የሚጠጣ።"

እኔ ጦርነት ያየሁ ሴት ነኝ፤ ፈሪ አይደለሁም እል ነበር። የካርቱም ፍርሃት ግን ድምፅ ነበረው። ከየት አቅጣጫ እንደሚተኮስ ትሰማለህ፣ ከግድግዳው ትርቃለህ፣ ሲያባራ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለህ። የመተማው ድምፅ የለውም። ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰው ይሳሳቃል፣ ሱዳን የሚሄደው ከባድ መኪና ተሰልፎ ይቆማል፣ ሽንኩርት ሻጯ መርቃ ትጨምርልሃለች፤ ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱ ግን ምን እንደገዛህ እያየ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት ማንም ላይሆን ይችላል፤ ያም አይታወቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ዘንቢሌን ሳነሳ በሩን ገርበብ አድርጌ ግራ ቀኙን ሳላይ አልወጣም።

እትዬም አስተማሪዬ ሆኑ። ዘይት በትልቁ አይገዛም። ስኳር ከአንዱ ሱቅ፣ ፓስታ ከሌላው። ፌስታሉ ጥቁር ይሁን፤ ነጩ ያሳያል። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ዳቦ አይጨመርም፤ ካለው ተካፍሎ መብላት ነው፤ ዳቦ የጨመረች ሴት ቤቷ ማን መጣ ይባላል። ለሕመምተኛ ብርቱካን መግዛት ካስፈለገ ጎረቤት ትግዛው። ከገበያ ስመለስ በመጣሁበት አልመለስም። ሰው "ለማን ነው ይኸ ሁሉ?" ካለኝ "ተልኬ ነው" ነው መልሱ። ይታያችሁ፣ ሽበት ያወጣሁ ሴትዮ እንደ ሕፃን ተልኬ ነው ስል! ልጄ በዚህ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። "ዩማ፣ ማን ላከሽ? የማን ገረድ ነሽ?" ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ፤ ግን እለዋለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ዝም ማለቱ ነበር። አፌ ለሰላምታ ተከፍቶ ሳለ መዝጋት ያመኛል፣ ወላሂ ያመኛል። ለዚህ ነው አንዱን ሱቅ የወደድሁት። ባለሱቁ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሱዳን ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፤ ገና ስገባ በዓረብኛ "አህለን እህቴ" ይለኛል። ሌላው የመተማ ነጋዴ ሳይጠይቅ ሲሸጥ እሱ ይጠይቃል። አዳርሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ልጅሽ ለመደች? እኔም ስለ ሙቀቱ እነግረዋለሁ። ስለ ሙቀት ማን ታግቶ ያውቃል?

ጥቅምት ላይ ጎንደር ያለ አንድ ኮሌጅ ልጄን ተቀበላት። ያቋረጠችውን ነርስነት እንድትቀጥል። ከገባንበት ቀን ጀምሮ ስትጽፍ፣ ስትደውል፣ ሰው ስታስቸግር የከረመችበት ነው። አልጋ ይሰጣሉ፣ ምግቧ የራሷ ነው፤ ከምዝገባው ቀን ካለፈች ግን ቦታው ለሌላ ነው አሏት። እልል አልሁ። ከዚያ መንገዱ ትዝ አለኝ። ከመተማ ጎንደር ማለት ለመኪና የግማሽ ቀን ነገር ነው። ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ስንት ጊዜ በሰላም ይታለፋል፣ አንድ ቀን ደግሞ አይታለፍም። ያለችኝ እሷ ናት። እናት የለኝ፣ አባት የለኝ፣ ባል የለኝ። እሷን መንገድ ላይ ቢያወርዷት ምን እሸጣለሁ? የሻይ ማንቆርቆሪያዬን?

"ትሂድ" አሉ እትዬ። "እዚህ ተቀምጣስ ምን ልትሆን? ግን ቀኑን እኔና አንች እሷም ብቻ ነን የምናውቅ። ሰማሽ? ለማንም።"

ሰማሁ። ወላሂ ሰምቼ ነበር።

ግን ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ከካርቱም ስንወጣ ልብሳችንን በፌስታል ቋጥረን ነው የወጣነው፤ በድንበሩ ላይ እንደ ለማኝ ፌስታል ታቅፋ ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ፣ ዳግመኛ እንዲህ አትሄድም ብዬ ነበር። የመተማ ሰው ሲጓዝ ማዳበሪያ ይይዛል፣ አሮጌ ዘንቢል ይይዛል፤ እኔ ይህን ድህነት ነው ብዬ ነበር የምቆጥረው። ጥንቃቄ ነው ብዬ መቼ አሰብሁ! ሄድሁና ከዚያ ከምወደው ሱቅ ጎማ ያለው ቀይ ሻንጣ ገዛሁ።

"ማሻ አላህ! ማን ሊሄድ ነው?" አለኝ ባለሱቁ በዓረብኛ።

"ልጄ ናታ!"

"ወዴት?"

"ጎንደር። ኮሌጅ ተቀብሏት።"

"እንኳን ደስ ያለሽ! መቼ ነው?"

"ሰኞ። በጠዋቱ መኪና።"

"ከማን ጋር ትሄዳለች?"

"ብቻዋን ናት እንጂ፣ ማን አላት ብለህ።"

እንዲህ ነው ያልሁት። አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ መለስሁለት። በዓረብኛ ስለሆነ ካርቱም ያለሁ መሰለኝ፤ ምላሴ ደስ ብሎት ፈሰሰ። ዞር ስል ነው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ለስላሳ ይዘው የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ያየሁት። ወሬያቸውን አቁመዋል። አንደኛው ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ጠርሙሱን አንስቶ ጠጣ። መተማ ላይ ዓረብኛ የማይሰማ ማን አለ? ሻንጣውን ይዤ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ የሻንጣው ጎማ ኮረቱ ላይ እየተንኳኳ ሲከተለኝ፣ ተሸክሜው ልሩጥ ብል ይብስ ዓይን ውስጥ ያስገባኛል ብዬ ፈራሁ።

እትዬ ሻንጣውን ሲያዩ ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ።

"ቀኑን ነገርሽው?"

"ነገርሁት።"

"ሰዓቱንስ?"

"አዎ።"

"ብቻዋን መሆኗን?"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁት። እትዬ መሬት መሬት እያዩ "አወይ አንች ልጅ፣ አወይ አንች ልጅ" ብቻ አሉ።  ልጄ ከውጭ ገብታ ሰማችና ልታጽናናን ሞከረች። "ሰውየው ደግ ነው ዩማ፣ ሁልጊዜ ሰላም ይለኛል" አለች። ሰላም የሚላት ሰው ይኸው የምትሄድበትን ቀን አውቋል ማለት ነው ብዬ ባሰብሁ ጊዜ ሻንጣውን አልጋ ስር ገፋሁት። ትቅር ልል አፌን ከፈትሁ። ብትቀር ቦታው ያልፋታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ መተማ ላይ ሻይ ስትቀዳ ታየኝ። ብትሄድ ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ስሟ ሲጠራ ታየኝ። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ሳይ አመሸሁ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልቻልሁም።

የመረጡት እትዬ ናቸው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሰሊጥ አጨዳው ስለደረሰ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው ሠራተኛ ከተማውን ሞልቶታል፤ ገበያተኛው በጎንደር መንገድ ላይ እስካለችው ሸህዲ ከተማ ድረስ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። "ሰኞን ይጠብቋት" አሉ እትዬ። "እሷ ቅዳሜ ዘይት ልትገዛ ትሄዳለች። ሸህዲ ስትደርስ የጎንደሩን መኪና ትይዛለች።"

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሶቿን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው። ያን የመተማ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገና ሳትወጣ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። የትምህርት ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልለን ሆዷ ላይ በመቀነት አሰርነው። ከላይ የእትዬን አሮጌ ነጠላ ለበሰች፤ በእጇ ዘንቢልና ባዶ ጀሪካን ያዘች፤ ዘንቢሉ ውስጥ ዳቦ ብቻ ነበር። ቀዩ ሻንጣ አልጋ ስር ቀረ።

"አትናገሪ" አልኋት። "አማርኛሽ ያስታውቃል። ሰላም አትበይ። ስምሽን ከጠየቁሽ ያልሰማሽ ምሰይ። ከየት መጣሽ ካሉሽ ዝም በይ። ማንም ይሁን ማን፣ ሴትም ብትሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ደግ ቢመስልም። ደግ ከመሰለማ ይብስ!"

"እሺ ዩማ።"

"ማይልኝ!"

እጇን በራሴ ላይ አድርጋ ማለችልኝ። ከዚያ ማቀፍ አልተቻለም። ጎረቤቱ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ያጥባል፤ ገበያ የሚሄድ ልጅ ማን ያቅፋል? በሩ ላይ ቆምሁና እንዲሰሙልኝ ጮክ ብዬ "ቶሎ ተመለሽ! ዘይቱን ደግሞ አይተሽ ግዢ፣ እንዳያታልሉሽ!" አልኋት። እሷም ወደኋላ ሳትዞር "እሺ!" አለች። አንድያ ልጄን የሸኘሁት በዘይት ነው።

እኔ በሌላ መንገድ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። እግሬ ወደ መናኸሪያ ሊወስደኝ ሲል እየመለስሁት፣ ከሽንኩርቷ ሴትዮ ጋር ስለ ዋጋ ተጨቃጨቅሁ፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ገበያተኛ የጫነ ሚኒባስ አለፈ። የነጠላ ጫፍ በመስኮት ያየሁ መሰለኝ። የእሷ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ቀና ብዬ ማየትም ፈራሁ።

ከቀትር በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። እዚህ አገር ኔትወርክ እንደ መብራት ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ግን ዛሬን? ስልኩን ጣራው ላይ ባወጣው፣ አጥር ላይ ብሰቅለው፣ በማውቀው ጸሎት ሁሉ ብማጸን ምንም የለም። ደርሳ ይሆናል፤ ወይም አልደረሰችም። ሁለቱም ዝምታው ውስጥ አለ።

ይህም ሳይበቃ መግዛት ነበረብኝ። ልጅቷ መሄዷ እንዳይታወቅ እትዬ የሁለት ሰው ዳቦ፣ የሁለት ሰው ፉል እንድገዛ አዘዙኝ። ገዛሁ። ማታ የእሷን ድርሻ ሳህን ላይ አድርጌ እያየሁት ተቀመጥሁ፤ በመጨረሻ እትዬ "ብይው እንግዲህ፣ ለአይጥ ነው የገዛሽው?" ሲሉኝ እያለቀስሁ በላሁት። እሑድም እንዲያው። ፉል ሻጩ "ልጅሽ የት ጠፋች?" ሲለኝ "ራሷን አሟት ተኝታለች" አልሁት። ካልሁት በኋላ በልጄ ላይ በሽታ ጠራሁ ብዬ አማተብሁ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?" አሉ እትዬ።

"እኔ ነኝ እትዬ። ባለሱቁ።"

እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርሁ። የማደርገው ጠፋኝና የቡና ዘነዘናውን አንስቼ ከበሩ ኋላ ቆምሁ። በዘነዘና ማንን ልመታ እንደነበር እግዜር ይወቀው። በቆርቆሮው ስንጥቅ የሰውየው እጅና የያዘው ፌስታል ይታየኛል።

"ምን ፈለግህ?"

"እናቷ ልጅቷ ዛሬ ትሄዳለች ብላኝ... ለመንገዷ ብስኩትና ተምር ይዤላት መናኸሪያ ሄጄ ነበር። መኪናው እስኪወጣ ጠበቅሁ። አጣኋት።"

መናኸሪያ ጠበቃት! ዘነዘናውን ከፍ አደረግሁት።

"የሚሄድ ሰው የለም" አሉ እትዬ።

"ቀረች እንዴ? አመማት?"

"የሚሄድ ሰው የለም አልሁህ።"

ሰውየው ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ሊሰጣቸው ዘርግቶት ነበር፤ እትዬ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም። ከዚያ "እሺ እትዬ፣ ደህና ዋሉ" ብሎ ሄደ። ድምፁ እንደተከፋ ሰው ነበር። ወይስ ነገር እንዳመለጠው ሰው? ስንት ጊዜ በልቤ ደገምሁት፤ ሁለቱንም ይመስላል።

እትዬ በሩን ቀርቅረው መጡና ዘነዘናውን ከእጄ ወሰዱት። "ደግ ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለን" አሉ። "ካልሆነም ልጅሽ አልተገኘችለትም።"

"የቱ ነው እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አሉና በዚያ በተለመደው ጩኸታቸው ጮሁብኝ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀትር ላይ ዳቦ ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ሄድሁ፤ ሱቅ ብቀይር ያውቅብኛል ብዬ ነው። የሁለት ሰው ዳቦ አልሁት። በአማርኛ "እሺ" አለኝ። ጠቀለለልኝ። ስለ አዳሬ አልጠየቀኝም፣ ስለ ሙቀቱ አልጠየቀኝም፣ ስለ ልጄማ ጭራሽ። "ሌላስ?" አለ። "በቃኝ" አልሁት። እስከ ዛሬም ከዚህ በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ደግ ሰው ያስቀየምሁ ይሁን ከክፉ ሰው ያመለጥሁ ዛሬም አላውቅም፤ ይህን አለማወቄ ራሱ ያስፈራኛል።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬና እኔ ልንይዘው ተጋጨን።

"ዩማ! ቅዳሜውኑ ደርሻለሁ። ስሞክር ስሞክር እኮ አልሄድ አለኝ! ተመዝግቤያለሁ። አልጋም ሰጥተውኛል።"

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ጎረቤት ትዝ ሲላቸው በመዳፋቸው መልሰው ዘጉት። እንዲያ አፋቸውን እንደያዙ ግቢውን ዞሩት። እኔ ግን እናት የምትጠይቀውን ጠየቅሁ።

"ምን በላሽ?"

አልጋው ሰፊ ነው፣ ብርድ ልብስም አለው አለችኝ።

"አንች ልጅ፣ ምን በላሽ?"

"የያዝሁትን ዳቦ ነው የበላሁት። እሱ እዚያው ቅዳሜ አለቀ።"

"ከዚያስ?"

"ትናንት ኮሌጁ ደጃፍ ካለው ሱቅ ልገዛ ገብቼ ነበር። አንድ እናት ናቸው የሚሸጡት። ዳቦውን ሰጥተውኝ ሳለ 'አዲስ ነሽ መሰል፣ ከየት ነው የመጣሽው የኔ ልጅ?' አሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም። ዳቦውን መልሼ አስቀምጬ ወጣሁ። ዛሬም እሳቸው ስላሉ አልሄድሁም። አብራኝ የምታድረው ልጅ ምሳ እንብላ አለችኝ። ስምሽ ማነው አለችኝ።"

"ነገርሻት?"

"አልነገርኋትም። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።"

ይህች ያገኘችውን ሁሉ ሰላም የምትል ልጄ ናት። ወደ ሱቁ ተመለሽ ልላት ፈለግሁ። ተመለሽና ለሴትዮዋ ንገሪያቸው፣ ከካርቱም ነው የመጣሁት በያቸው፣ የአባትሽን ስም ንገሪያቸው፣ ተቀመጪ ካሉሽ ተቀመጪ፣ ከልጅቷም ጋር ሄደሽ ብዪ ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና፣ ስሟን የሚጠራ ሰው፣ ያ ጠርሙሱን ያነሳው ሰውዬ ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጡ። ማን ያውቃል፤ ጎንደርስ ቢሆን ማን ያውቃል?

"ጎበዝ" አልኋት። "ጎበዝ ልጄ።"